ከመጋረጃ ጀርባ የተረጎምሁት ፊልም

ድንበር ላይ ያደገ ሰው ሳይማር ሊቅ ይባላል። መተማ ላይ በዐረብኛ ሽንኩርት የገዛ ሁሉ ጽሑፉንም የሚያነብ ይመስለናል። አፍ የቻለውን ዓይን እንዴት ያቅተዋል? ያቅተዋል፤ ምስክሯ እኔ ነኝ። «ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል» ይባላል። የኔ ውሸት ግን ስንት ዓመት ተሸክሜው አልቀለለልኝምና ለእናንተ ልናዘዝ።

ከኮሌጅ እንደተመለስሁ፣ የሰፈራችን ቪዲዮ ቤት ባለቤት ሐጂ ከድር ከሱዳን አንድ ፊልም አስመጡ። ንግግሩ የማላውቀው የፈረንጅ ቋንቋ፣ ከሥር የሚሮጠው ጽሑፍ ዐረብኛ።

«አንቺ ዐረብኛ ትችይ የለ? ለሰሊጥ ሠራተኞቹ ተርጉሚላቸው» አሉኝ።

«ማንበብ አልችልም» ማለት አፈርሁ። ሰው ፊት መቆምም ስለማፍር ማይክሮፎን ይዤ ከመጋረጃ ጀርባ ተቀመጥሁና በቀዳዳ አጮልቄ አየሁ። ቤቱ ለሰሊጥ አጨዳ ከደጋ በወረዱ ወንዶች ጢም ብሏል።

ፊልሙ ሕዝቡን ረግጦ ስለሚገዛ መንግሥትና በስውር ስለሚታገሉት ሰዎች ነው፤ ይህን ያህሉ በዓይን ይገባል። ማርኮ የሚሉት መልከ መልካም ታጋይ ስልክ አንስቶ በቀስታ ያወራል። ምን እንደሚል እግዜር ይወቀው! ዝም ብል ተዋረድሁ። ስለዚህ እኔው አናገርሁት፦

«አንድ ሰው ሥራ ትቶ ቢቀመጥ ሰነፍ ይሉታል፤ ሁሉም ሲቀመጥ ግን ‹ምን ጎደላችሁ?› ይላሉ።»

ቤቱ በጭብጨባ ተናጋ። ወዲያው መብራት ሄደና መጨረሻውን ሳናይ ተበተንን።

በማግሥቱ፣ የእርሻው ካቦ በናፍጣ በርሜል ውኃ የሚያጠጣቸው እነዚያ ሠራተኞች ማጭዳቸውን አስቀምጠው እርሻው ላይ ተቀመጡ። ሰሊጥ ደግሞ ቀኑ ካለፈ ይረግፋል እንጂ አይጠብቅም። በሦስተኛው ቀን ንጹሕ ውኃ በትራክተር መጣ። ከተማው ሁሉ ማርኮን አመሰገነ። እኔ ቤቴ ተደበቅሁ።

አምና ያንኑ ፊልም በአማርኛ ተጽፎበት አገኘሁት። ማርኮ ለካ ጆሮ ጠቢ ኖሯል! በዚያ ስልክ የጓዶቹን ስም አንድ በአንድ ለደኅንነት ይቆጥር ነበር። ታዲያ ያን ንግግር ማን ተናገረው? ቀና ብዬ ሰላምታ እንኳ የማልሰጠው እኔ? እስካሁን ይገርመኛል።

ዘንድሮ ገበያ ላይ ከእነዚያ ሠራተኞች አንዱ፣ የወሎ ሰው፣ አስቆመኝ።

«እታለም፣ ተርጓሚዋ አይደለሽ? በድምጥሽ አወቅሁሽ! ልጄን እኮ ማርኮ አልሁት። ቄሱ ‹ይኸ ደሞ የምን ስም ነው› ብለው ተቆጡኝ፤ እኔ እቴ፣ መች ልሰማ! እስቲ ንገሪኝ፣ ያ ጀግና መጨረሻው ምን ሆነ?»

እውነቱን ብነግረው ልጁን ዳግም በምን ስም ይጠራዋል? ብዋሽ ደግሞ ሁለተኛ ውሸት።

«አመለጠ» አልሁት።

«እሰይ! የኔ አንበሳ!» ብሎ መሬቱን በዱላው መታ።

እውነትም አምልጧል፤ በደኅንነቶቹ መኪና። ከዚያ ፊልም በትክክል የተረጎምሁት ይህችን አንዲት ቃል ብቻ ነው።