ቆዳው ያልደረቀ ከበሮ

እግዜር ሰውን ሠሪና መራጭ አድርጎ ነው የፈጠረው። ሠሪው ያገኘውን ይዞ ይጀምራል። መራጩ ግን የሠርግ ሱሪ ሲያማርጥ ሙሽራዋ ለሌላ ትዳራለች። እናንተም ሰፈር አንድ አይጠፋም፤ የሰቆጣው ግን የሁሉም አለቃ ነው፦ ሊቀ መራጮች ሰማኸኝ።

ሊቀ መራጮች መኝታ ቤታቸውን በብርድ ልብስ ሸፍነው ስቱዲዮ ብለውታል። ማይክ አላቸው፣ ላፕቶፕ አላቸው፣ ዘፋኝም አላቸው፤ እህታቸው ይታየሽ። ልጃገረዶች የሻደይን ሣር ወገባቸው ላይ አስረው ለሚጨፍሩበት ለነሐሴው የሻደይ በዓል የምትዘፍነውን ግጥም የጻፍኩላት እኔ ነኝ፦

ሻደይ ከወገቤ ሳይጠወልግ ገና፣
ማን ነው የሚገፋኝ ወደ ሩቅ ጎዳና።

ድምጿ ከተቀዳ ሦስት ወር ሆነው። የቀረው ከበሮ ነው፤ እሱንም የሚመታው ሶፍትዌር ነው። እኔ ደግሞ ዘንድሮ ሻደይ ላይ ግጥሜ ከየድምፅ ማጉያው ሲፈስ እየታየኝ እንቅልፍ አጥቻለሁ።

ሊቀ መራጮች አሥራ አንድ ሶፍትዌር አውርደው አሥራ አንዱንም አሰናበቱ። አንዱ "የፈረንጅ ሠርግ ይሸታል" ተባለ። አንዱ እንደ ወታደር ሰልፍ ቀጥ ብሎ ይመታል፤ "የኛ ከበሮ እኮ ትንሽ ያነክሳል" አሉ። አምስተኛው መቶ ዓይነት ከበሮ ነበረው። መቶውንም ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙና የዘወትር ፍርዳቸውን ሰጡ፦

"ቆዳው አልደረቀም።"

"ሶፍትዌር ደግሞ ምን ቆዳ አለው?"

"ጆሮ ላለው አለው።"

አንድ ቀን ብሄድ ላፕቶፑ በረንዳ ላይ እንደ በርበሬ ተሰጥቷል።

"ምን እያደረግህ ነው?"

"ከበሮ ከመመታቱ በፊት አይሞቅም እንዴ? ትንሽ ፀሐይ ይምታው።"

ላፕቶፑ ግሎ ጠፋ፤ ሁለት ቀን አልነቃም።

ለሻደይ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ልጣላው ቆርጬ ሄድኩ። ይታየሽን በር ላይ አገኘኋት።

"ይሄን ወንድምሽን ምን ልበለው?"

"ተወው፣ ጋሼ። ዘፈኑ ሳያልቅ ዐረብ አገር አልሄድም ብዬ ምዬለታለሁ። ፓስፖርቴ ከመጣ ይኸው ሦስት ወሩ።"

ሳቅ ብላ ገባች። እኔ ደጁ ላይ ቀረሁ። ሦስት ወር ሙሉ ሳሾፍበት የከረምኩት ሰው እህቱን በከበሮ ገመድ አስሮ ይዟል ለካ።

በማግስቱ ኔትወርክ ያለበት ቦታ ግማሽ ቀን ተጎልቼ አሥራ ሁለተኛውን አወረድኩና በፍላሽ ወሰድኩለት፤ እሱንም ሲያማርጥ አንድ ሳምንት ቢያቆየው ብዬ።

ከፈተው፤ ከማዳመጫው አንዱን ጆሮ ወደ እኔ አዞረልኝ። ከበሮው መታ። ትንሽ አነከሰ። ደረቅ ነው፤ የግንቦት ፀሐይ ላይ የዋለ ቆዳ። ግጥሜ ከነወገቧ ተነስታ ስትጨፍር ታየችኝ።

ሰማኸኝ ማዳመጫውን አወለቀ። ይታየሽ ከጓዳ ብቅ ብላ፣ "እህስ፣ ተገኘ?" አለች።

እሱ እኔን አየኝ። አፉ ለመዋሸት አልታዘዝ አለው።

"ኧረ ተይኝ፣ ይታየሽ" አልኩ፤ "ቆዳው አልደረቀም።"