ምሳችንን ያበረደችው ሠዓሊ

በየቤተሰቡ አንድ ሠዓሊ አይጠፋም። ሠዓሊ የሌለበት ቤተሰብ በምን ይታወቃል ብትሉኝ፣ ምሳውን በትኩሱ በመብላቱ ይታወቃል። እኛ ቤት ምግብ መጀመሪያ የሚበላው በዓይን ነው፤ ያውም በእኛ ሳይሆን በእትዬ ዓይን።

እትዬ የባለቤቴ ታላቅ እህት ናት። ሠላሳ ዓመት ተማሪ ቤት ሥዕል ስታስተምር ኖራ፣ ጡረታ በወጣች ማግስት ብሩሾቿን ሰብስባ የኋለኛው ክፍላችን ገባች። "ለአንድ ወር ነው" ብላን ነበር፤ ይኸው ስድስተኛ ዓመቷን ይዛለች። ከዚያን ጊዜ ወዲህ ሳህን ጠረጴዛ ላይ ባረፈ ቁጥር አንድ ድምፅ እንሰማለን፦ "እንዳትነኩ!" እጃችን ባለበት ይቀራል። ክብርት ሠዓሊ አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ አንገታቸውን ሰበር አድርገው ሾርባውን ያዩታል። እኛ ደግሞ እሳቸውን እናያለን። "ጨረስሽ?" ስንላት መልሷ አንድ ነው፦ "ገና ነው።"

ማቀዝቀዣችን ውስጥ "እየተሠራበት ነው" የሚል ወረቀት የተለጠፈበት ግማሽ ብርቱካን ነበር። ሻገተ። ባለቤቴ ልትጥለው ስታነሳው እትዬ ደረቷን ይዛ "አንቺ ልጅ! አረንጓዴው እኮ ገና አሁን መጣልኝ!" አለች። ብርቱካኑ ተመልሶ ገባ፤ እኔም ወተቴን ጎረቤት ማስቀመጥ ጀመርኩ።

ሌላ ጊዜ ደግሞ ዱባ መስኮት ላይ አስቀምጣ ሳምንት ሙሉ ስትስል፣ ባለቤቴ ድንገት እንግዳ መጣባትና ዱባውን ከትፋ ቀቀለችው። እትዬ ድስቱን ከፍታ አየች። "ጥላው ብቻ ነበር የቀረኝ" አለች። አልጮኸችም፤ አላኮረፈችም። ሁለት ሳህን በላች፤ "ከውስጥም ላውቀው ይገባኛል" ብላ። በማግስቱ ገበያውን ስታካልል ውላ፣ ጎኑ ልክ እንደዚያኛው የተሰረጎደ ዱባ ተሸክማ መጣች። ላቧ ጠብ እያለ "ገና ነው ብያችሁ የለ?" አለችን።

አንድ ቀን ድፍረት አግኝቼ "እኔንስ ለምን አትስዪኝም?" አልኳት። ከላይ እስከ ታች ገረመመችኝ። "አንተ አንድ ቦታ አትቀመጥም። ደግሞ የምስለውን ትበላብኛለህ።" ይህን እንኳ ማስተባበል አልችልም። ከደረደረችው ወይን አንዲት ፍሬ በቀጠፍኩ ቁጥር፣ ጓሮም ብትሆን "አንድ ጎደለ!" ስትል ይሰማኛል።

እንዲህ እንዲህ እያለች በስድሳ አራት ዓመቷ ለመጀመሪያው የብቻዋ ዐውደ ርእይ በቃች። የአዳራሹ ኃላፊ፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ የሚሰቅል ሰው፣ ቤታችን መጥቶ አሥራ አንድ ሥዕሎቿን አያቸው። ሾርባው፣ ዱባው፣ የሻገተው ብርቱካን፣ ሁሉም ተደርድረዋል። "ግሩም ናቸው፤ ግን እናቴ፣ ሁሉም ማእድ ቤት ነው። ሰው ትንፋሽ የሚያገኝበት አንድ ሰፊ ነገር ያምጡልኝ። ተራራ ቢሆን ጥሩ ነው። እስከ ወሩ መጨረሻ ሰኞ ካልደረሰ ግድግዳውን ለሌላ ሠዓሊ ልሰጥ ነው።"

እትዬ ተራራውን ወዲያው መረጠች። በወጣትነቷ ከአውቶቡስ መስኮት አንድ ጊዜ ያየችው፣ ጫፉ ለሁለት የተሰነጠቀ ተራራ ነው። ከእኛ ቤት የስድስት ሰዓት መንገድ፣ የመጨረሻው ሁለት ሰዓት ደግሞ ኮረኮንች። ሌላ ተራራ ቅርብ አለ ብንላት አልሰማችም። ሾፌሩ ማን እንደሆነ መናገር አያስፈልግም።

በመጀመሪያው ጉዞ ጎማ ፈነዳ። በሁለተኛው ዝናብ ወረደ፤ ያለችንን አንድ ጃንጥላ ለወረቀቷ ዘረጋችለት። "እኔስ?" ብላት፣ "አንተ ትደርቃለህ፤ ወረቀቱ ግን ከበሰበሰ አለቀለት" አለችኝ። በሦስተኛው ግማሽ መንገድ ላይ "አቁም! አቁም!" ብላ ልቤን አፌ ውስጥ ከተተችው። ሰው የገጨሁ መስሎኝ ነበር፤ ለካ የደረቀ እሾህ አይታ ኖሯል። እሾሁን ስታይ ፀሐይዋ ዘቀዘቀች። ወገቤን ይዤ ቤት ስገባ ከእንግዲህ አልነዳም ብዬ ምዬ ተገዘትኩ። እሑድ ጎህ ሲቀድ ቀለሟን አቅፋ መኪናው ውስጥ ተቀምጣ አገኘኋት። በማግስቱ ሰኞ ነበር። ቁልፉን አመጣሁ።

እኩለ ቀን ላይ ደረስን። ተራራው ግን የለም። ደመና ከእግሩ እስከ አናቱ ሸፍኖታል። እትዬ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች፤ ወረቀቷን ጭኗ ላይ ዘርግታ ጠበቀች። እኔ ባለቤቴ የቋጠረችልንን ምሳ ኮፈኑ ላይ ዘረጋሁ፦ ዳቦ፣ ሦስት ቲማቲም፣ አምስት የተቀቀለ እንቁላል። ሰባት ሰዓት ሆነ። ስምንት ሆነ። ሆዴ ሲጮኽ ጊዜ ጀርባዬን ሰጥቻት አንዱን እንቁላል ልጬ ዋጥኩት። "አንድ ጎደለ!" እስክትለኝ ብጠብቅ ዝም።

ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ብሩሿን ጠራርጋ ሳጥኑ ውስጥ ከተተች። ወደ እኔ ሳትዞር "በቃ፣ ብላ" አለችኝ።

በስድስት ዓመት ውስጥ ሴትየዋ "ብላ" ብላኝ አታውቅም። ስጠብቀው የኖርኩት ቃል ነበር፤ ሲመጣ ግን ፈራሁ። ያነሳሁትን ዳቦ መልሼ ኮፈኑ ላይ አስቀመጥኩት።

"አልበላም" አልኩ።

"ምን ሆንክ?"

"ሳትስዪው አልበላም።"

"ተወኝ እስቲ፤ ተራራ ነው የተባልኩት። ተራራው ደግሞ የለም።"

"ምሳው አለ። ደመናውም አለ። ተራራው ከኋላው መሆኑን እኔም አንቺም እናውቃለን። እንደ ፈለግሽ፤ እስከ ነገ ብትቆዪም እዚህ ነኝ፤ አልነካውም።"

ዞር ብላ አየችኝ። "አንዱንማ በልተኸዋል። ቅርፊቱ ጺምህ ላይ ነው።" ከዚያ አንድ ዓይኗን ጨፈነች፤ አንገቷን ሰበር አደረገች። ሳጥኑ ተከፈተ። እኔ ከመኪናው አጠገብ እንደ ዘብ ቆሜ ዝንብ አባረርኩ። አንድ ሰዓት አለፈ። "ጨረስሽ?" አልኳት፤ የምትለኝን ለመስማት ብቻ።

"ገና ነው!" አለች። ደስ አለኝ።

ሰኞ ዕለት ኃላፊው መነጽሩን ከግንባሩ አወረደ። "ተራራው የታለ?" እትዬ አፏን ሳትከፍት ቀደምኩና "ከዳቦው ጀርባ ነው፤ ስድስት ሰዓት ነድቼ ደርሼበታለሁ" አልኩት። ጎንበስ ብሎ ዳቦውን አየ። ከዚያ ሥዕሉን ራሱ ተሸክሞ በሩ ፊት ለፊት ሰቀለው።

በመክፈቻው ቀን ሰው ሲሳሳ ጠጋ ብዬ አየሁት። ዳቦው አለ፤ ቲማቲሞቹ አሉ። እንቁላሎቹን ቆጠርኩ፤ አራት ናቸው። ከታች ጥግ ላይ፣ ኮፈኑ ጫፍ፣ ሦስት ቁራጭ የእንቁላል ቅርፊት አለ። ዓይኔ እንባ አቀረረ።

"እትዬ፣ ይሄ እኔ ነኝ?" አልኳት።

"ገና ነህ" አለችኝ። "ቀሪህን ቤት እጨርሰዋለሁ፤ አርፈህ ከተቀመጥክ።"

ከዚያን ቀን ወዲህ ምሳ ሲቀርብ አርፌ እቀመጣለሁ። ሾርባው ይበርዳል። ይብረድ።