የጋሼ ወንደሰን እርሳስ ለቀማ

(አሰላ፤ የአንድ የእህል ማኅበር መጋዘን በር ላይ። ፀሐፊው ጋሼ ወንደሰን በእርሳስ የተሞላ ፌስታል ይዘዋል። ጥበቃው ጉቱ አንዲት አጭር እርሳስ ጨብጦ አልሰጥም ብሏል።)

ጉቱ፦ ይቺን እንኳን ይተዉልኝ ጋሼ። የልጄ ናት፤ ነገ ፈተና አለባት።

ወንደሰን፦ ፈተናና ኩላሊት የቱ ይበልጣል? አምጣት።

ጉቱ፦ እርሳስና ኩላሊትን ምን አገናኛቸው?

ወንደሰን፦ ትናንት እዚሁ በተሰጠው ስልጠና፣ የጤና ጣቢያዋ ሲስተር አሚራ ምግብ ውስጥ የሚገባ እርሳስ ኩላሊት ይጎዳል ብላለች። በጆሮዬ ነው የሰማሁት።

ጉቱ፦ ምግብ ውስጥ በየት በኩል ይገባል?

ወንደሰን፦ መዛኞቹን አላየሃቸውም? ሁሉም ጆሯቸው ላይ ሰክተውታል። ጎንበስ ሲሉ ስንዴው ውስጥ ይወድቃል፤ ከስንዴው ጋር ይፈጫል፤ ዳቦ ሆኖ ይመጣልሃል።

ጉቱ፦ ከባድ ብረት የምትለው ነገርስ ነበራት?

ወንደሰን፦ እሱ አያሰጋም። ከባድ ብረት ለአራት ካልሆነ አይነሳም፤ ማን ይበላዋል?

ጉቱ፦ ስክሪብቶስ?

ወንደሰን፦ ስክሪብቶ ፈሳሽ ነው፤ በሽንት ይወጣል። ዛሬ ጠዋት ትምህርት ቤቱን ላስጠነቅቅ ሄጄ ዳይሬክተሯ ለአለቃዎ ደብዳቤ እጽፋለሁ አለችኝ። በምን እንደምትጽፍ ጠየቅኳት። በስክሪብቶ አለች። ተመስገን ብዬ ወጣሁ።

(ጉቱ እርሳሷን ይሰጣል።)

ጉቱ፦ ሲስተር ከዚያ በኋላ ምን አለች?

ወንደሰን፦ ከዚያ በኋላ ሻይ ልጠጣ ወጣሁ።

ጉቱ፦ እኔ በር እየጠበቅኩ ስለነበር እስከ መጨረሻው ሰማሁ። ስላልገባኝም ወደ ቤቷ ስትሄድ ጠየቅኳት። እርሳስ ያለችው ብረቱን ነው፤ የመኪና ባትሪ ውስጥ ያለውን። ከአፈርም፣ ከውሃም፣ ከማብሰያ ዕቃም ወደ ምግብ ይገባል፤ በዓይን አይታይም፤ ቀስ በቀስ ኩላሊት ያደክማል አለችኝ።

ወንደሰን፦ ለአንተ ለብቻህ?

ጉቱ፦ ኤዬ፣ ለብቻዬ። እኛ ቤትም ገብታ ድስታችንን አገላብጣ አየችው። ከውዳቂ ብረት ቀልጦ የተሠራ ነው። ምን እንደተቀላቀለበት ስለማይታወቅ አታብስሉበት ስትል፣ ባለቤቴ በቀለች ገንፎውን ከነድስቱ ውጭ አወጣችው።

(ወንደሰን ፌስታሉን ቀስ ብለው መሬት ላይ ያስቀምጣሉ።)

ወንደሰን፦ ምን ዓይነት ድስት ነው?

ጉቱ፦ ግራጫ፣ ወፍራም። ሲያጥቡት ውሃውን ያጠቁረዋል።

ወንደሰን፦ ክዳኑስ ይገጥማል?

ጉቱ፦ ገጥሞ አያውቅም።

ወንደሰን፦ ስምንት ዓመት ገንፎዬን የማገነፋው በእሱ ዓይነት ነው።

(ወንደሰን ፌስታሉ አጠገብ ድንጋይ ላይ ይቀመጣሉ።)

ወንደሰን፦ ሰሞኑን እግሬም ያብጣል። እኔ ጫማው ጠቦ መስሎኝ ከሻጩ ጋር ተጣላሁ።

ጉቱ፦ እብጠቱ ከሌላ ነገርም ሊሆን ይችላል፤ በምርመራ ይለያል። ይነሱ፣ ጤና ጣቢያው ሳይዘጋ እንድረስ።

ወንደሰን፦ አብረኸኝ ትገባለህ?

ጉቱ፦ እገባለሁ። እርሳሶቹን ግን ለባለቤቶቻቸው እንመልስ።

(ወንደሰን ሁለት እርምጃ ሄደው ይቆማሉ።)

ወንደሰን፦ ሲስተር ስለ ኩላሊት የማላውቀውን ነገር ብትጠይቀኝስ?

ጉቱ፦ አላውቅም ይበሏታ።

ወንደሰን፦ እንዴት ነው የሚባለው?