የማትደነግጥ ጠመንጃ

ዒላማ ማለት ሰው ሊመታው ፈልጎ ከፊቱ የሚያቆመው፣ በሰውየው ላይ ግን ምንም ያላደረሰ ነገር ነው። ይህችን ትርጉም ያዙልኝ። ግራዝማች አየለን ያስቸገረቻቸው እሷ ናት። እሳቸው ባደጉበት አገር ሰው የሚያነጣጥርበት ነገር ወይ ይሮጣል፣ ወይ ይበራል፣ ወይ መልሶ ይተኩሳል። ሮም ላይ ግን ወረቀት ነው። ተሰቅሎ ዝም ብሎ ይጠብቃል።

ግራዝማች ሮም የመጡት ለዓይናቸው ሕክምና ነበር። ሐኪሙ ፋሻውን ሲፈታላቸው፣ አገር ቤት ደርግ መሬታቸውንም ማዕረጋቸውንም ወርሶ ጠበቃቸው። መሬቱን መመለስ አልቻልንም። ማዕረጉን ግን እኛ ሮም ያለነው አልነጠቅናቸውም። ኤስኲሊኖ በሚባል ሰፈር ሲኞር አርማንዶ ከሚባል ጡረታ የወጣ የትራም ነጂ ቤት አንዲት ክፍል ተከራይተው ይኖሩ ነበር። እኔ ለትምህርት ሄጄ እዚያው የቀረሁ ነኝና አስተርጓሚያቸው ሆንኩ። ጣሊያንኛ አያውቁም ማለት አይደለም። በአምስቱ ዓመት ወረራ ጊዜ በልጅነታቸው የሰሙትን አልረሱም። ችግሩ የሰሙት ሁሉ ትእዛዝ መሆኑ ነው። «ቁም»፣ «ቶሎ በል»፣ «እጅህን አንሣ» የሚለውን አጣርተው ይናገራሉ። ጨው እንዲያቀብሏቸው ሲፈልጉ ግን እኔ መጠራት ነበረብኝ።

አሁን ወደ ሲኞር አርማንዶ እንሂድ። ይህ ሰው እሑድ እሑድ በኦስቲያ መንገድ ወዳለ የተኩስ ክበብ ሄዶ ወረቀት ይተኩሳል። ክበቡ በየዓመቱ ውድድር አለው። በየዓመቱ የሚያሸንፈው ደግሞ የሚስቱ ወንድም፣ መድኃኒት ቤት ያለው ማርቼሎ ነው። መሸነፉስ ባልከፋ። ማርቼሎ ግን ከውድድሩ በኋላ ምሳ ላይ ይመጣና እያንዳንዷን ጥይት ከፓስታው ጋር አንድ በአንድ ይተርካታል። ይህን በሰላም የሚሰማ አማች አይታችሁ ታውቃላችሁ?

አርማንዶ ብዙ አሰበና ጥፋቱ የጠመንጃው ነው ብሎ ወሰነ። (እኔም ፈተና ስወድቅ ጥፋቱ የብዕሬ ነበር።) አዲስ ሊገዛ ተነሣ። ተከራዩ የጦር ሰው መሆናቸውን ሰምቷልና «አሎራ፣ እንግዲህ ግራዝማች፣ አብረን እንምረጥ» አላቸው። ሚስቱ ሲኞራ ፒና ይህን ከኩሽና ሰማች። ማንኪያዋን እንደያዘች ብቅ ብላ፣ ጠመንጃው ካሸነፈ ቫ ቤኔ፣ ይሁን፣ ከተሸነፈ ግን ጠመንጃውም መካሪውም ከቤቴ ይወጣሉ አለች። ያቺን ክፍል ለልብስ ስፌት መኪናዋ ከተመኘቻት ቆይታለች። ተረጎምኩላቸው።

«ከልቧ ነው?» አሉኝ።

«ከልቧ ነው።»

«እንግዲያው በደንብ እንምረጥ።»

ቀልድ እንዳይመስላችሁ። ያኔ ሮም ላይ ለእኛ ቢጤ ክፍል ማግኘት ከባድ ነበር። በስልክ ስሜን ተናግሬ ሳልጨርስ የተያዙ ክፍሎችን አውቃለሁ።

ጠመንጃ ሱቁ ደረስን። ባለሱቁ ከረባት ያሰረ፣ እንደ ዲያቆን ለስለስ ብሎ የሚያወራ ሰው ነው። አርማንዶ የፈለገው ለወረቀት ተኩስ የሚሆነውን ትንሹን ዓይነት ነበር። ጥይቷ የባቄላ ፍሬ ታክላለች። መምቻው የሚመታት ቂጧን መሀል ለመሀል ሳይሆን ጠርዟን ነው። አንዷን ተኩሰው ሳይጨርሱ ጠመንጃዋ ራሷ ሌላዋን ትጎርሳለች፣ ምላጩን እንደገና መሳብ ብቻ ነው። ባለሱቁ ይህን ሁሉ በኩራት አስረዳ። ግራዝማች ጥይቷን መዳፋቸው ላይ አድርገው አገላበጧት።

«ይቺ ምን ትገድላለች?»

«ወረቀት» አልኳቸው።

«ወረቀት የገደለ ሰው ምን ብሎ ይፎክራል?»

ይህን ለባለሱቁ አልተረጎምኩም። ቀጥለው ግን ራሷ መጉረሷን አነሡ። የሚያጎርሳት ሳትጠብቅ የምትጎርስ ነገር ነውር ነው አሉ። ሁለተኛዋ ተዘጋጅታ እንደምትጠብቅህ ካወቅህ በመጀመሪያዋ ትቀልዳለህ አሉ። አርማንዶ ግን ራሷ የምትጎርሰውን ካልሆነ አለ። ማርቼሎም የያዘው ያንን ነዋ። ግራዝማች ሽምግልና የለመዱ ሰው ናቸውና በዚህ ተሸነፉለት።

ሁለት ጠመንጃዎች ቀረቡ። አንዷ አዲስ፣ የምታብረቀርቅ፣ ምላጯ ሲነኳት የምትሳብ ለስላሳ ናት። ባለሱቁ እንደ ልጁ ወደዳት። ሁለተኛዋ ያገለገለች፣ አንዲት መበለት ያመጣቻት፣ እንጨቷ የሟች ባሏ ጉንጭ ባረፈበት በኩል የጠቆረ ነው። ምላጯ ጥብቅ ነው። ግራዝማች የሟቹን አገር፣ ሥራና ጠባይ ጠየቁ። ባለሱቁ ዳቦ ጋጋሪ እንደነበረ ነገራቸው። ጸጥተኛ ነበር ወይ? አዎ፣ ጸጥተኛ ነበር። የእኛ ሰው ጠመንጃ ሲገዛ እንደ ጋብቻ ዘር መቁጠሩን ባለሱቁ ከየት ይወቀው? ግራ ገብቶት መበለቷን የሚያጩ ሳይመስለው አልቀረም።

ከዚያ ፈተናው መጣ። ግራዝማች አርማንዶን አዲሲቱን ባዶዋን ይዘህ ግድግዳው ላይ አነጣጥር አሉት። አነጣጠረ። ከኋላው ቀስ ብለው ተጠጉና በሙሉ ድምፃቸው ጮኹ። ጠመንጃዋ ቀጭ አለች። የባለሱቁ መነጽር ወደቀ። ውጭ አንድ ሞተር ብስክሌት ቆመ።

«ይቺ ደንጋጣ ናት» አሉ ግራዝማች። «ያቺን ስጠው።»

አርማንዶ የመበለቷን ጠመንጃ ይዞ አነጣጠረ። ደግመው ጮኹ። አርማንዶ ዘለለ። ጠመንጃዋ ግን ዝም።

«ይቺን ነው። አባቴም እንዲህ ነበር የሚመርጡ።»

ባለሱቁ መነጽሩን እየጠራረገ፣ ክቡር ሆይ፣ የተኩስ ክበብ ውስጥ እኮ ማንም አይጮህም አለ። ተረጎምኩ። ግራዝማች፣ ሰው ባለበት ሁሉ የሚጮህ አይጠፋም ብለው ወጡ። አዲሲቱን በዚያው ሳምንት ማርቼሎ ገዛት። ባለሱቁ፣ አማችዎ አይተው የተዉዋት ናት ሲለው የበለጠ ወደዳት አሉ።

የውድድሩ እሑድ ደረሰ። ሲኞራ ፒና ከጥላው ስር ተቀመጠች። የስፌት መኪናዋን ልኬት ወስዳ እንደመጣች አውቃለሁ። ክበቡ ጸጥ ያለ ነው። ሲያስሉ እንኳ በመሐረብ ነው። አርማንዶና ማርቼሎ ለመተኮስ ጎን ለጎን በደረታቸው ተኙ። ወረቀቶቻቸውም እዚያ ማዶ ጎን ለጎን ተሰቅለዋል። ተኩሱ ተጀመረ። እኔ በተውሶ የሩቅ ማያ መነጽር አያለሁ፣ ዓይናቸው እዚያ ድረስ አይደርስምና ለግራዝማች በሹክሹክታ እነግራለሁ። ማርቼሎ በለጠ። ግራዝማች ቆባቸውን ጉልበታቸው ላይ ያሽከረክራሉ። የመጨረሻው ዙር ደረሰ።

አርማንዶ ቆይቶ፣ ተንፍሶ፣ አንድ ተኮሰ።

«መታ?»

«መሀሉን» አልኳቸው።

እንግዲህ እኔ በጎ ነገር የተናገርኩ መስሎኝ ነበር። አንድ ሰው መሀሉን ሲመታ ዝም ማለት በእሳቸው አገር መምታቱን መካድ ነው። ተነሡ። ካፖርታቸውን እንደ ጎፈር ትከሻቸው ላይ ጣሉት። በዱላቸው መሬቱን መቱና፦

«ዘራፍ! ወረቀት ገዳይ፣ የማይምረው፤
ከነማኅተሙ ግንባሩን የሚለው!»

በየወሩ ለመኖሪያ ፈቃድ ከፖሊስ ጽሕፈት ቤት ደጃፍ ሲሰለፍ የኖረ ሰው ከወረቀት ጋር ቂም አለው። ያ ሁሉ ቂም በአንድ ጊዜ ወጣ። ከጥድ ዛፎቹ ላይ ወፎች ተነሡ። አርማንዶ ተኝቶ እንዳለ ዘለለ፤ የመበለቷ ጠመንጃ ግን ዝም። ማርቼሎ ገና መተኮሱ ነበር። ጣቱን እንኳ አላነሣም። አዲሲቱ ግን ራሷ ጎርሳ ተዘጋጅታለች። ቀጭ አላለችም፣ ተኮሰች።

ጥይቷ የት ሄደች? የማርቼሎ ወረቀት ላይ የለችም። የአርማንዶ ወረቀት ላይ ግን አንድ ቀዳዳ ተረፈ። ያውም ከመሀሉ።

ዳኞቹ ተሰበሰቡ። መጀመሪያ እኔን ጠርተው እኚህ ሽማግሌ ምን አሉ፣ ስድብ ነው ወይ አሉኝ። ስለ ወረቀት የተገጠመ ግጥም ነው አልኩ። ከዚያ ደንቡን ገለጡ። ቀዳዳው ከየትኛው ጠመንጃ እንደወጣ ካልታወቀ፣ የባሰው ተሰርዞ የተሻሉት ለወረቀቱ ባለቤት ይቆጠራሉ ይላል። ማርቼሎ የእኔ ነው፣ መሀል ያለው የእኔ ነው ብሎ ማለ። ዳኛው በትሕትና፣ ታዲያ የሰው ወረቀት ላይ ለምን ተኮስክ ብሎ ጠየቀው።

የማርቼሎ ወረቀት አንድ ጥይት ጎድሎበት አርማንዶ አሸነፈ። ሲኞራ ፒና ልኬቱን የጻፈችበትን ወረቀት ከቦርሳዋ አውጥታ ቀደደችው። በመንገድ ላይ ግራዝማችን፣ እውነቱን ይንገሩኝ፣ ሆነ ብለው ነው ወይ አልኳቸው። «ልጄ፣ ጠመንጃዋን ስንመርጥ አልነበርክም?» አሉኝ።

ክበቡ ግራዝማችን ዳግመኛ እንዳይገቡ ከለከለ። ዋንጫው ሲኞራ ፒና መስኮት ላይ ባሲሊኮ የሚሉት በሶብላ ተተከለበት። በተከታዩ ሳምንት ማርቼሎ ያቺን ጠመንጃ መልሶ ሌላ ሊመርጥ ወደ ሱቁ ሄደ። ይዞ የሄደው ግራዝማችን ነው።