ኢንቦክስ የማይመልሱት አቶ ዘካሪያ

የቴሌግራም ግሩፕ ያለው መሥሪያ ቤት ሁሉ፣ ግሩፑ በእውነት ለሥራ የተከፈተ የሚመስለው አንድ ሰው አያጣም። ሌላው "መልካም ቀን" ከነአበባው ይልካል፤ እሱ ሥራ ይልካል። የኛው ክቡር አቶ ዘካሪያ ይባላሉ። ጅጅጋ ተቀምጠው የየወረዳውን የክትባት ፍሪጅ የሚከታተሉ ባለሙያ ናቸው።

እሳቸውን ለብቻ መጠየቅ ዘበት ነው። በኢንቦክስ የላክነውን ጥያቄ ከነስማችን ግሩፑ ላይ ይለጥፉትና "ይሄ የሁላችንም ጥያቄ ነው" ይላሉ። መልሱ ሁልጊዜ በድምፅ ነው። መጀመሪያ ሰላምታ፣ ቀጥሎ የዝናቡ ነገር፣ ከዚያ የግመሎቻቸው ጤንነት። ብዙዎቻችን ግመሎቹን ዘለን ነው ፍሪጁ ጋ የምንደርሰው።

ቱሊ ጉሌድ ጤና ጣቢያ በተመደብኩ ሰሞን በሶላር የሚሠራው ፍሪጅ ሞቀብኝ። አዲስነቴ እንዳይታወቅ በኢንቦክስ፣ "ፀሐይዋ እንዲህ እያቃጠለች ፍሪጁ ለምን ይሞቃል?" አልኳቸው። ብዙም ሳይቆይ ክልሉ ሁሉ አነበበው። የአፍደሙ ነርስ ተሜ ለፍሪጁ ጃንጥላ እንድይዝለት መከረኝ። አቶ ዘካሪያ ግን ከግመሎቹ በኋላ ክትባቱን በረዶ ወዳለበት ሳጥን እንዳዛውር፣ ጣሪያ ላይ ያለው ሶላር አቧራ ለብሶ ሊሆን ስለሚችል እንዳስጠርገው ነገሩኝ። እውነትም አቧራ ነበር። ፍሪጁ ቀዘቀዘ፤ እኔ ግን ቶሎ አልበረደልኝም።

ባለፈው ሰሞን ከሀርሺን ላዳን የምትባል አዲስ ነርስ ደውላ የገጠማትን አጫወተችኝ። በክትባት ዘመቻው ዋዜማ ፍሪጇ ይሞቅባታል። አቶ ዘካሪያ ኔትወርክ የሌለበት ገጠር ናቸው። ጨንቋት ግሩፑ ውስጥ "ፍሪጅ" ብላ ስትፈልግ የኔ ጥያቄ ወጣላት፤ ከሥሩ የእሳቸው ድምፅ። እንዳሉት አደረገች፣ ክትባቱም ተረፈ። በማግስቱ ልጆቻቸውን አዝለው ከሩቅ ከመጡት እናቶች አንዷም ሳታስከትብ አልተመለሰችም።

"ወላሂ እህቴ፣ እንኳን ጠየቅሽ" አለችኝ።

ደስታዬን ምን ላድርገው? ለአቶ ዘካሪያ በኢንቦክስ ረጅም ምስጋና ጻፍኩላቸው፤ ያን ቀን በሰው ፊት ስላጋለጡኝ ጭምር። ኔትወርክ ሲያገኙ መለሱልኝ፤ ግሩፑ ላይ፣ ከነስሜ፣ በድምፅ።

"ይሄ የሁላችንም ምስጋና ነው" ብለው ጀመሩ። ከዚያ ወደ ዝናቡ አለፉ። ለመጀመሪያ ጊዜ ግመሎቹን ሳልዘል ሰማሁ። ደህና ናቸው።