የወይዘሮ አማል መንጃ ፈቃድና የእድራችን ሚኒባስ

ቀን፦ እሑድ፣ ጥቅምት 16 ቀን 2018 ዓ.ም.
ቦታ፦ ልደታ፣ ከልደታ ማርያም ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ባለው ኮንዶሚኒየም፣ የእድሩ ዕቃ ማስቀመጫ ክፍል
ሰዓት፦ ለ9፡00 ተጠርቶ 9፡50 የተጀመረ

የተገኙ፦ አቶ ኃይለመለኮት (ሰብሳቢ፣ ጡረተኛ የመንግሥት ሠራተኛ)፤ ወ/ሮ ተናኘወርቅ (ምክትል ሰብሳቢ)፤ አቶ ረሻድ (አባል፣ ጠመንጃ ያዥ ሰፈር የመኪና መለዋወጫ ነጋዴ)፤ ቃለሕይወት (ጸሐፊ፣ ይህን የምጽፈው)።
ተጠርተው የቀረቡ፦ ወ/ሮ አማል፣ ሱዳናዊት፣ የሦስተኛ ፎቅ ነዋሪ።
በፈቃድ የቀሩ፦ ወ/ሮ ሰላም (አባል)፤ መውለጃቸው ስለደረሰ ከአራተኛ ፎቅ መውረድ አልቻሉም።

ከአምስቱ የኮሚቴ አባላት አራቱ ስለተገኙ ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቷል።

አጀንዳ 1፦ የሚኒባሱ ሾፌር

ሰብሳቢው ሾፌራችን ጴጥሮስ ሐዋሳ አግብቶ እዚያው በመቅረቱ የእድሩ ሚኒባስ መቆሙን፣ የወ/ሮ ሰላም ባለቤት አቶ እንድርያስም ለሥራ ጂማ ስለሄዱ ምጥ ቢመጣ ሆስፒታል የሚያደርስ ሰው እንደሚያስፈልግ ገለጹ። መንዳት የሚችል ማን እንደሆነ ሲጠየቅ ወ/ሮ አማል ብቻ እጃቸውን አወጡ። መንጃ ፈቃድ ያለው ማን እንደሆነ ሲጠየቅ ሰብሳቢው ብቻ እጃቸውን አወጡ። ሰብሳቢው ፈቃዱን ካወጡ ሠላሳ ዓመት እንዳለፋቸው፣ በየጊዜው እንደሚያሳድሱትና እስከ ዛሬ አንድም አደጋ እንዳላደረሱ አስረዱ። አቶ ረሻድ ነድተው ያውቁ እንደሆነ ጠየቋቸው። ጥያቄው ከአጀንዳ ውጭ ነው ተብሎ ታለፈ።

አጀንዳ 2፦ ወ/ሮ አማል እስካሁን ፈቃድ ያላገኙበት ምክንያት

ወ/ሮ አማል በኻርቱም ለብዙ ዓመታት የተማሪዎች አውቶቡስ መንዳታቸውንና የሱዳን መንጃ ፈቃዳቸው በእጃቸው መኖሩን ተናገሩ። እዚህ መንጃ ፈቃድ ቢሮ እንዲቀየርላቸው ሲጠይቁ ፈቃዱን የሰጠው መሥሪያ ቤት ትክክለኛነቱን እንዲያረጋግጥ ታዘዙ። መሥሪያ ቤቱ በጦርነቱ ምክንያት መዘጋቱን ሲያስረዱም በመስኮቱ በኩል የነበረው ሠራተኛ፣ "እንግዲያው መዘጋቱን ራሱ በደብዳቤ ይግለጽልን" ብሎ መለሳቸው። ሰብሳቢው የሠራተኛው ጥያቄ ሥርዓቱን የጠበቀ ነው አሉ። ወ/ሮ ተናኘወርቅ በበኩላቸው ሰብሳቢው ጡረታ ከወጡ በኋላም አለመለወጣቸው እንዲመዘገብላቸው ጠየቁ። ተመዝግቧል።

ወ/ሮ አማል ቀጥለው፣ "ከኻርቱም ስወጣ ጎረቤቶቼን በሙሉ በዚያው አውቶቡስ ጭኜ ነው የወጣሁት። ያን ቀን ፈቃድሽን አሳዪ ያለኝ አልነበረም" አሉ።

ከዚያም ወ/ሮ ተናኘወርቅ ወ/ሮ አማል መሪውን ይዘው ሰብሳቢው ፍሬኑን ቢረግጡ ሕጉ በከፊል ይከበራል የሚል ሐሳብ አቀረቡ። አቶ ረሻድ መኪናውም በከፊል ገደል ይገባል በማለት ተቃወሙ። ሰብሳቢው ወንበሩ ለሁለት ሰው እንደማይበቃ በመጠቆማቸው ሐሳቡ ውድቅ ሆነ።

አጀንዳ 3፦ ፈተና

ሰብሳቢው ኮሚቴው ራሱ ፈትኖ ጊዜያዊ ፈቃድ እንዲሰጥ ሐሳብ አቅርበው፣ ራሳቸው ፈታኝ ሆነው ተመረጡ። ወ/ሮ አማል፣ "ከቆመ መኪና ኋላ፣ ከሚመጣ መኪና ፊት፣ ቅድሚያ በሌለው መንገድ ቅድሚያ ላለው ቅድሚያ ሳይሰጡ ወደ ግራ መታጠፍ ይቻላል ወይስ አይቻልም?" ተብለው ተጠየቁ። ተጠያቂዋም፣ "ጋሽ ኃይለመለኮት፣ መንገዱ አይደለም፣ ጥያቄው ነው ግራ የገባኝ" ብለው መለሱ። ፈታኙ ይህን እንደ ስህተት ቆጠሩት። አቶ ረሻድ ፈታኙ ራሳቸው መልሱን እንዲናገሩ ቢጠይቁም ፈታኝ አይጠየቅም ተባሉ።

ከረጅም ውይይት በኋላ የሚከተለው በድምፅ ብልጫ ተወሰነ፦ ወ/ሮ አማል ፈቃድ እስኪያገኙ ሚኒባሱን እንዳይነኩ፤ ለተዘጋው የኻርቱም መሥሪያ ቤት ደብዳቤ እንዲጻፍ፤ እስከዚያው ፈቃድ ያላቸው ሰብሳቢ ሾፌር እንዲሆኑ።

በአጀንዳ ያልተያዘ ጉዳይ

10፡45 ላይ የወ/ሮ ሰላም እህት እድላዊት በሩን ሳታንኳኳ ገብታ ምጡ መጀመሩን አስታወቀች። ሰብሳቢው በውሳኔው መሠረት ሚኒባሱን አስነሡ። ወደ ፊት ይሄዳል ተብሎ ሲጠበቅ ወደ ኋላ ሄዶ የጥበቃውን ቤት ግድግዳ ተደገፈ። ጥበቃው በሰዓቱ ውጭ ነበር። ወ/ሮ አማል በሩን ከፍተው፣ "ጋሼ፣ እባክዎ ወደዚያ ይጠጉልኝ" አሉ። ሰብሳቢው ያለ ውይይት ተጠጉ። ወ/ሮ ሰላምን ደግፈን አውርደን ሁላችንም ተሳፈርን።

ተክለ ሃይማኖት ስንደርስ ትራፊክ ፖሊስ አስቆመንና መንጃ ፈቃድ ጠየቀ። ሰብሳቢው የራሳቸውን አውጥተው ሰጡት። ፖሊሱ የሚነዱት እሳቸው አለመሆናቸውን ሲነግራቸው፣ "መንጃ ፈቃዱ እኔ ጋ ነው፣ መንዳቱ እሷ ጋ። ሁለታችንም ተሟልተን ቀርበናል" ብለው አስረዱ። ፖሊሱ ይህን እያሰበበት ሳለ ወ/ሮ ሰላም ከኋላ፣ "ወንድሜ፣ እዚህ ብወልድ መንገድ በመዝጋት ትቀጣኛለህ?" ሲሉ ጠየቁት። ፖሊሱ ፊሽካውን እየነፋ መንገዱን አስለቀቀልን። አቶ ረሻድ እስከ ሆስፒታሉ ድረስ እንዲህ ለስላሳ ማርሽ አቀያየር አይተው እንደማያውቁ ሦስት ጊዜ ተናገሩ።

የስብሰባው መቀጠል

ጉባኤው በሆስፒታሉ ኮሪደር ቀጠለ። ወ/ሮ ሰላም ሴት ልጅ በሰላም መገላገላቸው ከተነገረ በኋላ ሰብሳቢው አንገታቸውን ደፍተው፣ "አማል፣ ቅድም ስፈትንሽ መልሱን እኔም አላውቀውም ነበር" አሉ። ወ/ሮ አማል ገምተው እንደነበር ገለጹ።

በመሆኑም ዛሬ የተወሰነው ሁሉ እንዳልተወሰነ እንዲቆጠር፣ ነገ ጠዋት ኮሚቴው በሙሉ ከወ/ሮ አማል ጋር በመንጃ ፈቃድ ቢሮው መስኮት ፊት እንዲቆም፣ ሰብሳቢውም ተጭነው በሕይወት መድረሳቸውን በአካል እንዲመሰክሩ በሙሉ ድምፅ ተወሰነ።

በመጨረሻም ሰብሳቢው ወ/ሮ አማል ሁላችንንም ወደ ቤት እንዲያደርሱን ጠየቁ። ወ/ሮ አማል፣ "ከእናንተ ውስጥ የሚያምጥ አለ?" አሉ። እንደሌለ ተረጋገጠ። ቁልፉን በሰብሳቢው መዳፍ ላይ አስቀምጠው ወጡ።

ስብሰባው ከምሽቱ 2፡30 አበቃ። ሚኒባሱ እዚያው ቀርቶ ሁላችንም በታክሲ ተመለስን።

ቃለሕይወት፣ ጸሐፊ