ያጣጣልኩት ቤት

ለቤትም ልብ ይመታል ብትሉኝ ድሮ እስቅባችሁ ነበር። ይመታል! የኔ መትቷል።

ፔጀሬን፣ የጥሪ መቀበያዋን፣ ወገቤ ላይ አንጠልጥዬ ታክሲ እነዳለሁ። ሙሉ የምትባለው ባለቤቴና እኔ፣ እዚህ አሜሪካ፣ አሌክሳንድሪያ ከተማ ውስጥ አፓርትመንት ተከራይተን፣ የምንገዛው ቤት እንፈልጋለን። አንድ ቀን ሰው ሲልቨር ስፕሪንግ አድርሼ ስመለስ፣ ትልልቅ ዛፎች ሥር አንድ ቤት አየሁ። ሰፊው ጣሪያ በረንዳው ላይ ዝቅ ብሏል። ምሰሶዎቹ ከሥር ወፍራም፣ ወደ ላይ ቀጠን። መስኮቱ ባለቀለም መስታወት፣ የወይን ሐረግ የተሠራበት! ደጁ ላይ "ፎር ሴል"፣ ይሸጣል የሚል ሰሌዳ ተተክሏል። ታክሲዬን መሀል መንገድ ላይ አቁሜ አፌን ከፍቼ ቀረሁ። ከኋላዬ ያለው ሰውዬ በክላክስ ባያባንነኝ እስካሁን እዚያው ነኝ።

የሙሉ ልብ ግን ስፕሪንግፊልድ ነው። እህቷ እዚያ አዲስ ቤት ገዝታለች፤ ግድግዳው ነጭ፣ ወለሉ ከዳር እስከ ዳር ካርፔት፣ ጋራዡ በሪሞት የሚከፈት። "አሜሪካ ድረስ የመጣሁት አሮጌ ቤት ልገባ ነው እንዴ?" አለችኝ። ለመንኳት፣ ተለማመጥኳት። በመጨረሻ "እሺ፣ ማየት አይከለከልም" አለች።

መኪና ውስጥ መመሪያ ሰጠኋት። መርካቶ ያደገ ሰው ግዢ ያውቃል፣ ታውቁ የለ? ዕቃውን እንደወደድከው ካስታወቅህ አለቀልህ። ታጣጥላለህ፣ ፊትህን ታጨማድዳለህ፣ ልትሄድ ትነሣለህ። "ቃል እንዳይወጣሽ! ካደነቅሽው ዋጋው ተሰቀለ፣ ቤቱም አመለጠን ማለት ነው" አልኳት። ፈገግ አለች። ያቺን ፈገግታ ነበር መጠርጠር!

በሩን የከፈቱልን የቤቱ ባለቤት ሚስ ኤለን የሚባሉ አሮጊት ናቸው። ቤቱን የሠሩት አባታቸው ናቸው፤ አናጢ። በሳቸው ዘመን፣ ፋብሪካ በሩንም ወንበሩንም አንድ ዓይነት እያደረገ ሲያጎርፈው፣ በንዴት የጦፉ ባለሙያዎች ነበሩ አሉ። "አርትስ ኤንድ ክራፍትስ" ይሉታል እንቅስቃሴያቸውን። የሰው እጅ ያልዳሰሰው ቤት ሣጥን ነው ባዮች ናቸው። አባትየውም ከነሱ ወገን ሆነው፣ የመዳቡን መብራት ሳይቀር ራሳቸው ቀጥቅጠው ሰቀሉት።

እናንተዬ፣ ውስጡን ብታዩት! ሳሎኑ እስከ ደረት ድረስ በኦክ እንጨት ተለብጧል፤ ምስማር አይታይበትም፣ እንጨቱ እርስ በርሱ ተሰካክቶ ነው የቆመው። ከሱ በላይ ዙሪያውን ቅጠልና ሮማን በእጅ ተስሏል። ፋየርፕሌሱ፣ የእሳት ማንደጃው፣ አረንጓዴ ሸክላ ነው። በያንዳንዱ ሸክላ ላይ ወፍ አለች፣ አንዷ ሌላዋን አትመስልም። አንዷማ ጭንቅላቷን ክንፏ ውስጥ ቀብራ ተኝታለች! ልጮህ ምንም አልቀረኝ።

"ይጨልማል" አልኩ። "ይህ ሁሉ እንጨት ምን ያደርጋል? ደሞ ወፍ፣ ቤት ውስጥ?" እጄን ግን ከእንጨቱ ላይ ማንሣት አቃተኝ፤ ምስጥ የምፈልግ መሰልኩ። የሚስ ኤለን ፊት እየጠቆረ መጣ። ነገ ጠዋት ሌላ ገዢ እንደሚመጣ፣ ቤቱን አፍርሶ ሁለት ቤት ሊሠራበት እንዳሰበ፣ ምናልባት ለሱ መሸጡ እንደሚሻል ነገሩን። ይፈርሳል! ግን አንዴ ማጣጣል ከጀመርኩ በኋላ በምን አፌ ልመለስ?

ይኼኔ ሙሉ ብድግ አለች። "ኦ ማይ ጋድ፣ ሶ ቢዩቲፉል!" ወፎቹን አንድ በአንድ እየዞረች ዳበሰች። "ሮማኑን ሳየው የእናቴ ጓሮ ትዝ አለኝ" አለች። እናቷ ጓሮ ውስጥ ከጎመን በቀር ያየሁት የለም! ገባኝ። ዋጋውን ልትሰቅልብኝ ነው። አቅማችን እንዳይችለውና ስፕሪንግፊልድ እንድንገባ፣ ያስተማርኳትን መልሳ እኔው ላይ! እግሯን ረገጥኳት፤ ባሰባት።

ሚስ ኤለን እጇን ያዙ። እንባቸው ወረደ። "የመጣው ሁሉ የሚጠይቀኝ ስለ ሰፈሩና ስለ ፓርኪንጉ ነው። የአባቴን ወፎች ያየሽልኝ አንቺ ብቻ ነሽ። ላንቺ ዋጋውን እቀንሳለሁ" አሉ። ቀነሱ! የሙሉ ፊት አመድ መሰለ። ግን እያለቀሱ ዋጋ ለሚቀንሱላት አሮጊት "አልፈልግም" የምትል አበሻ ከየት ትመጣለች? ፈረምን።

አሁን ሚስ ኤለን እሑድ እሑድ ከቤተክርስቲያን መልስ ብቅ ይላሉ። ሙሉ ታስጎበኛቸዋለች፣ ታደንቃለች። አድንቃ አድንቃ፣ ሳይታወቃት እውነት ሆኖባት ቁጭ አለ። በቀደም እንጨቱ ላይ ብርጭቆ ባስቀምጥ ጮኸችብኝ። እኔስ? እኔ ቤቱን የማልወደው ሰውዬ ነኛ! ወድጄው ለዋጋ ብዬ እንዳጣጣልኩት ባወጣ፣ የሙሉም የያኔ የውሸት አድናቆት አብሮ ይወጣል። ስለዚህ መኪናቸው ሲቆም ወፎቼን ትቼ በረንዳ ላይ እወጣና ፊቴን አጨማድጄ እቀመጣለሁ።

ባለፈው እሑድ ሲሄዱ አዘኑልኝ መሰለኝ፣ ትከሻዬን መታ መታ አደረጉና፣ "አይዞህ ልጄ፣ ለሚስትህ ስትል ቻለው" አሉኝ።